ድንጋይ ላይ የምትለጠፈው ዓሣዬ እየከሳች ነው፤ ምን ላድርግ?

ውሃ ወዳጅ (ደብረ ማርቆስ)

ሰላም ናችሁ ወይ? እህታችሁ ነኝ፣ ከደብረ ማርቆስ። ዓሣ ማርባት ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። እስካሁን ጉፒ ብቻ ነበር የማውቀው። ከሁለት ወር በፊት የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ሦስት ለየት ያሉ ዓሣዎች በላስቲክ ቋጥሮ አመጣልኝ። ሻጩ "እነዚህ አልጌ በይ ናቸው፣ ገንዳውን ያጸዱላታል፣ ምግብ መስጠትም አያስፈልጋትም" ብሎ ነው የሸጠለት።

ዝርግ ናቸው። ከላይ ሲያዩአቸው ቅጠል ይመስላሉ፣ ጥቁርና ቢጫ ዝንጉርጉር ናቸው፣ ከአውራ ጣቴ ትንሽ ይረዝማሉ። መስታወቱ ላይ ጥብቅ ብለው ይለጠፋሉ፤ ደግሞ ወደ ኋላም ወደ ጎንም ይሄዳሉ። እንደዚህ ያለ ዓሣ አይቼ አላውቅም፣ በጣም ነው የወደድኳቸው።

ግን አንዷ በሁለተኛው ሳምንት ሞተች። ሁለተኛዋ ባለፈው እሑድ ጠዋት ሞታ አገኘኋት። አሁን አንድ ብቻ ቀርታኛለች። እሷም መስታወቱ ላይ ስትለጠፍ ሆዷ ወደ ውስጥ ገብቶ ይታያል፣ ትንፋሿም ቶሎ ቶሎ ነው። ቀኑን ሙሉ የፊልተሩ አረፋ የሚወጣበት ጥግ ላይ ተጠግታ ትውላለች።

ገንዳው 100 ሊትር ነው። ፊልተሩ የስፖንጅ ነው። ማርቆስ ብርድ ስለሆነ ሂተሩን 27 ላይ አድርጌዋለሁ። በንጽሕና በኩል አልታማም፤ በየሳምንቱ ድንጋዮቹን አውጥቼ በብሩሽ ፈትጌ፣ ውሃውን በሙሉ ቀይሬ ነው የምመልሳቸው። የቧንቧ ውሃ በባልዲ አሳድሬ ነው የምጠቀመው። ምን አጠፋሁ? እባካችሁ የምታውቁ ካላችሁ ቶሎ በሉልኝ፣ ይቺንም እንዳላጣት።

የጣና ዳር (ባሕር ዳር)

እህቴ አይዞሽ። ገና አልረፈደም።

ዓሣዋ ራሷ መልሱን ነግራሻለች። አረፋው የሚወጣበት ጥግ ተጠግታ የምትውለው ለምን ይመስልሻል? ውሃ የሚንቀሳቀሰው፣ አየርም የሚገባው እዚያ ብቻ ስለሆነ ነው። ይቺ ዓሣ የወንዝ ዓሣ ናት፤ ያውም የሚፈስ፣ ድንጋይ ለድንጋይ እየተላተመ የሚወርድ ወንዝ። አንቺ ያስቀመጥሻት የቆመና የሞቀ ውሃ ውስጥ ነው።

እንደ ገለጽሻት ከሆነ ሂልስትሪም ሎች የሚሏት ናት (ሎች የአንድ የዓሣ ወገን ስም ነው)፤ በሳይንሳዊ ስሟ ሰዌሊያ ሊንዮላታ። አገሯ መካከለኛው ቬትናም ነው። እዚያ ከተራራ የሚወርዱ ጥርት ያሉ፣ ጥልቀት የሌላቸው፣ ፈጣን ወንዞች ውስጥ ትኖራለች። ስድስት ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው የምትደርሰው። በደንብ ከተያዘች ብዙ ዓመት ትኖራለች፤ በሁለት ወር የምታልቅ ዓሣ አይደለችም።

አሁን አንድ ነገር አድርጊ። ማታ መስታወቱ ላይ ስትለጠፍ በሌላው በኩል ሆነሽ በባትሪ ሆዷን እያት። ብዙ ሰው በአፏ የምትለጠፍ ይመስለዋል፣ አይደለም። አፏ ትንሽ ናት፤ ለመፋቅ እንጂ ለመያዝ አትሆንም። የያዘችው በመላ አካሏ ነው። የፊቱ የጎን ክንፍና የኋላው የሆድ ክንፍ ወደ ጎን ተዘርግተው ዙሪያዋን እንደ ሰፌድ ከበዋታል። የሆድ ክንፎቿ ከኋላ በኩል ገጥመው አንድ ሆነዋል። ከክንፎቹ ሥር ደግሞ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሻካራ ነገሮች አሉ፣ እነሱ ናቸው ድንጋዩን ቆንጠጥ የሚያደርጉት። በደንብ ካየሽ የጎን ክንፏ የኋለኛው ጫፍ ሳያቋርጥ ሲርገበገብ ታያለሽ። ከሆዷ ሥር ያለውን ውሃ እየገፋች እያስወጣች ነው። ውሃው ሲወጣ ሆዷ ከድንጋዩ ጋር ይጣበቃል፤ ከላይ የሚመጣው ጎርፍም ዝርግ ጀርባዋን ይበልጥ ወደ ታች ይጫናታል። ሌላውን ዓሣ ጠርጎ የሚወስደው ውሃ እሷን ያጸናታል ማለት ነው። እኔ ይኸን መጀመሪያ ያየሁ ቀን ራቴን ትቼ ነው ገንዳው ሥር የተቀመጥኩት።

አሁን ወደ ስሕተቱ። አንደኛው ሙቀቱ ነው። 27 ለእሷ ብዙ ነው። ከ20 እስከ 24 ነው የሚስማማት፤ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ቢልም ትችለዋለች። እዚህ ላይ የኛ አገር ሰው የማያስበው ነገር አለ፤ እሱም ከፍታው ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር በላይ ነው። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፣ ስለዚህ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ውሃ ደግሞ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ባሕር ዳርቻ ላይ 27 ዲግሪ የሆነ ውሃ በሊትር እስከ 8 ሚሊግራም ኦክስጅን ይይዛል። አንቺ ቤት ያው ውሃ ቢበዛ 6 ቢይዝ ነው፤ 20 ላይ ብታወርጂው ግን ወደ 6.7 ይመጣል። እንግዲህ የውጭ ሰዎች በቪዲዮ የሚሉትን ቀጥታ መውሰድ አያዋጣም፣ እነሱ አብዛኛው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ሆነው ነው የሚያወሩት። ማርቆስ ላለ ሰው ብርዱ ለዚች ዓሣ ጸጋ ነው። ሂተሩን በአንዴ አታጥፊው ግን፣ በቀን አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ እያልሽ 22 ላይ አድርሺው። ጉፒዎቹም 22 ላይ ይኖራሉ።

ሁለተኛው ስሕተት ሲነገርሽ እንዳይከፋሽ፤ ከፍቅር የመጣ ነው። ገንዳውን በጣም አጸዳሽው። ምግቧን በብሩሽ ፈትገሽ እየደፋሽባት ነው። እሷ የምትበላው ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን ስስ ልባስ ነው፤ ወንዝ ስትሻገሪ እግርሽን የሚያንሸራትተውን ሙልጭልጭ ነገር ማለቴ ነው። አልጌ አለበት፣ ባክቴሪያ አለበት፣ በውስጡ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን እንስሳት አሉበት። እነዚያ ሁሉ ናቸው ምግቧ። "አልጌ በይ" ሲሉሽ ከመስታወት ላይ አረንጓዴውን ጠርጋ ትጠግባለች ማለት አይደለም። ስለዚህ ሻጩ ምግብ አያስፈልጋትም ማለቱ ትልቅ ጥፋት ነው። እነዚያ ሁለቱ የሞቱት በረሃብና በአየር እጥረት ይመስለኛል።

ውሃውን በሙሉ መቀየርም ይቅር። ቆሻሻውን የሚበሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ስፖንጁና ድንጋዩ ላይ ነው የሚኖሩት። ድንጋዩ ሲፈተግ አብረው ይሄዳሉ፣ ያን ጊዜ ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጣው መርዝ፣ አሞኒያ፣ ይነሣል። እነሱ ተመልሰው እስኪበዙ ሳምንታት ይፈጃል፤ አንቺ ግን በየሳምንቱ ከዜሮ ታስጀምሪያቸዋለሽ። ከዛሬ ጀምሮ በሳምንት አንድ አራተኛውን ብቻ ቀይሪ። ስፖንጁን ከገንዳው በቀዳሽው ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርጊው እንጂ በቧንቧ ውሃ አታጥቢው።

ለዛሬ ማታ፦ አየር ፓምፕ ካለሽ ተጨማሪ ክፈቺላት። አንድ ቀጭን የዝኩኒ ቁራጭ ለሁለት ደቂቃ ቀቅለሽ፣ አቀዝቅዘሽ፣ ከድንጋይ ጋር አስረሽ ታች አስቀምጪላት። ካልነካችው ጠዋት አውጪው፣ ይበላሻል። ሆዷንም ፎቶ አንሥተሽ አሳዪን።

ላይ ቤት (ፍኖተ ሰላም)

እኔም አልጌ በይ ተብዬ ገዝቼ ነበር፣ ግን የኔው ሌላ ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ ጣት ታክል ነበር። በዓመት ከምናምን ስንዝር አለፈ። እያደገ ሲሄድ አልጌውን ተወውና ማታ ማታ የሌሎቹን ዓሣዎች ጎን መምጠጥ ጀመረ፣ ሁለት ኤንጅል ፊሽ ቆዳቸው ተልጦ ሞቱብኝ። ያንቺ ዝርግ ከሆነች እሱ አይደለችም፣ ደስ ይበልሽ። ሌላ ጊዜ ስትገዙ ግን ሁለቱን ለዩ። ድብልብል፣ ረዘም ያለ፣ አፉ ከታች እንደ መምጠጫ የሆነ ካያችሁ ተዉት።

የጣና ዳር (ባሕር ዳር)

አዎ፣ እሱ ጋይሪኖኬይለስ አይሞኒየሪ ነው። ቻይናዊ አልጌ በይ ይሉታል፣ አገሩ ግን እነ ሜኮንግ ወንዝ ናቸው። እስከ 28 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። እሱ በእውነት በአፉ ነው የሚይዘው። አፉ ድንጋዩ ላይ ስለተደፈነ በአፉ ውሃ ስቦ መተንፈስ አይችልም፤ ስለዚህ ጉንጩ ላይ ሁለት ቀዳዳ አለው፣ በላይኛው ውሃ ያስገባል በታችኛው ያስወጣል። ፍጥረቱ ድንቅ ነው፤ ለትንሽ ገንዳና ለጎረቤት ግን አይሆንም። ጥፋቱ የዓሣው አይደለም፣ የሚያድግ ዓሣ እንደማያድግ አድርጎ የሚሸጠው ሰው ነው።

ውሃ ወዳጅ (ደብረ ማርቆስ)

ወንድሜ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ብሩሹ ያልከው አስለቀሰኝ። እኔ እኮ ለነሱ ብዬ ነበር።

ማታውኑ በባትሪ አየኋት። እውነት ነው፣ የክንፏ ጫፍ ይርገበገባል! ሆዷ ግን ስርጉድ ብሏል፣ ከመሐሉ በቀጭን ቆዳ ውስጥ አንጀቷ የሚታይ መስሎኛል። ዝኩኒውን አልነካችውም። ጉፒዎቹ ናቸው የበሉት። ሂተሩን 25 ላይ አውርጃለሁ። አሁን አልጌ ከየት ላምጣላት? ፈትጌ ጨርሼዋለሁ። ከጨሞጋ ወንዝ ድንጋይ ባመጣስ ይሆናል?

አስተማሪው (ደምበጫ)

የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። ስለ ጨሞጋው ድንጋይ ልመልስልሽ፣ ከዚያ ትንሽ ስለ ራሳችን ወንዝ ዓሣም ላውራ፣ ይኸ ነገር ልቤ ውስጥ ስላለ።

ድንጋዩ ይሆናል። የእናንተ አካባቢ ድንጋይ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ ውሃ ውስጥ ገብቶ ምንም አያደርግም። ወደ ደጀን፣ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ግን የኖራ ድንጋይ አለ፤ እሱ ውሃውን ያከብደዋል። ካላወቅሽው ኮምጣጤ ጠብ አድርጊበት፣ ከፈላና አረፋ ካወጣ ተዪው። ልብስ ከሚታጠብበት በላይ ሄደሽ ውሰጂ፣ የሳሙና ነገር እንዳይኖር። ክብ፣ ለስላሳ፣ የመዳፍ ስፋት ያለው ይሁን። ሹል ድንጋይ ሆዷን ይቆርጣታል።

ድንጋዩን ግን ከነልባሱ ቀጥታ አታስገቢው። ከወንዝ ጋር በሽታም ጥገኛ ትልም ሊመጣ ይችላል። አፍልተሽ አጽጂው፤ ብቻ እርጥብ ድንጋይ እሳት ላይ ሊፈነዳ ስለሚችል ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር ቀስ በቀስ አሙቂው። ከዚያ በነጭ ሳፋ ውስጥ አድርጊና ከገንዳው በቀዳሽው ውሃ ሙዪው፤ ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ ወይም በረንዳ ላይ አስቀምጪው። የገንዳ ውሃ ለአልጌ ማዳበሪያ ነው። በአሥር በአሥራ አምስት ቀን ቡናማ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ልባስ ይይዛል። ሁለት ሳፋ አድርጊ። አንዱን ድንጋይ ስትበላው አውጥተሽ ወደ ሳፋው መልሺ፣ የበሰለውን አስገቢላት። እኛ ትምህርት ቤት እንዲህ ነው የምናደርገው፣ ተማሪዎቹም ተራ ገብተው ይጠብቁታል። ሳፋውን በሦስት በአራት ቀን ውሃውን ቀይሪ፣ የወባ ትንኝ እንዳይፈለፈልበት።

እስከዚያ ስፒሩሊና የሚባለውን የአልጌ ዱቄት ካገኘሽ በጣም ጥሩ ነው። ጤና ምግብ ብለው በጠርሙስ የሚሸጡት ነው። የቢሾፍቱው አረንጓዴ ሐይቅ አረንጓዴ የሆነው በዚሁ ነው። በጥቂት ውሃ ለውሰሽ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በስሱ ቀቢው፣ አድርቂው፣ ከዚያ ማታ መብራት ስታጠፊ አስገቢላት። ጉፒዎቹ በመብራት ነው የሚሻሙት። ቆስጣም ትንሽ ቀቅለሽ ሞክሪ።

አንድ ነገር አደራ! እንጨት ወይም ቅጠል ለጌጥ ብለሽ ስታስገቢ ብርብራ እንዳይሆን። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲበተን ዓሣ እንደሚያደነዝዝና እንደሚገድል እናንተም ታውቃላችሁ፤ ወደ ጣና በሚገቡ ወንዞች ላይ ሰው ዓሣ የሚያጠምድበት ነገር ነው። ውስጡ ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለ። ዓሣው በመተንፈሻው ስቦት ሴሎቹ ኦክስጅን መጠቀም ያቅታቸዋል። ትልቁን ዓሣ ፍለጋ ተብሎ ጫጩቱም፣ ድንጋይ ላይ የሚለጠፈው ትንሹም አብሮ ያልቃል። ይኸን ሳይ ያመኛል።

ድንጋይ ላይ የሚለጠፍ ያልኩት ደግሞ ከቬትናም የመጣውን አይደለም፣ የኛኑ ነው። ልጅ ሆናችሁ ወንዝ ውስጥ ድንጋይ ገልብጣችሁ ታውቁ እንደሆነ ጥቁር፣ ጣት የምታህል፣ እንደ ቀስት የምትፈናጠር ዓሣ አይታችኋል። ጋራ ትባላለች በሳይንሱ ስም፤ ተራራውን ማለት አይደለም። ከታች አገጯ ላይ ክብ መለጠፊያ አላት፣ በእሱ ድንጋይ ይዛ አልጌ ትፍቃለች። በ2007 እ.ኤ.አ. ፕሮፌሰር አበበ ጌታሁንና ሜላኒ ስቲያስኒ ከኢትዮጵያ አምስት አዳዲስ የጋራ ዝርያዎችን ለዓለም አሳወቁ። አንዷ ስሟ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ጋራ ደምበጫ! የኛን ከተማ ስም ይዛ በዓለም የሳይንስ መዝገብ ውስጥ አለች። ክፍል ውስጥ ይኸን ስነግራቸው ልጆቹ መጀመሪያ አያምኑኝም። ሌላዋ ጋራ ሬግሬሰስ ናት፣ የጣና ናት። የሷ መለጠፊያ ቀንሶ ቀንሶ የጠፋ ያህል ነው፣ ስሟም ከዚያ የመጣ ነው። እኔ እንደማስበው ጎርፍ በሌለበት ሐይቅ ውስጥ ጥብቅ ብሎ መያዝ ምን ያደርግላታል?

ጋራ ግን ሎች አይደለችም። ከነጩ ዓሣችን ጋር ነው ዘመዷ። የቬትናሟ ሎችና የደምበጫዋ ጋራ ዝምድናቸው ሩቅ ሆኖ ሳለ ሁለቱም ፈጣን ውሃና የድንጋይ ልባስ አንድ ዓይነት ኑሮ አስተማራቸው፤ አንዷ በክንፏ፣ አንዷ በአገጯ ያዘች። እውነተኛ ሎችም አለን ደግሞ፣ ብዙ ሰው አያውቅም። አፍሮኔማኬይለስ አቢሲኒከስ ይባላል፤ በ1902 እ.ኤ.አ. ቡሌንገር የሚባለው ሊቅ ከባሕር ዳር በተወሰደ ዓሣ ነው የገለጸው። ከሰሃራ በታች እስካሁን የታወቁት ሎቾች ሁለት ዝርያ ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም የኛው አገር ናቸው።

ሞጣዬ

ሰዎች ይኸን ሁሉ ከምትደክሙ ጨሞጋ ውስጥ ብትለቃትስ? የወንዝ ዓሣ ከሆነች እዚያ ትድናለች። ቀዝቃዛ ነው፣ ይፈሳል፣ አልጌ አለው።

አስተማሪው (ደምበጫ)

ሞጣዬ፣ ሐሳብህ ከርኅራኄ የመጣ ነው፣ ግን በፍጹም አይደረግም። ካልዳነች በከንቱ ሞተች። ከዳነች ደግሞ የባሰ ነው፤ የጋራን ድንጋይ ትሻማለች፣ ከገንዳ ይዛው የወጣችውን በሽታም ታስገባለች። ጨሞጋ ወደ ዓባይ ነው የሚገባው። ከውጭ የመጣ ነገር ውሃችን ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን እምቦጭ አሳይቶናል። ጣና ላይ ከታየ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስንት ሺህ ገበሬ በእጁ ሲነቅለው ኖረ! የማይፈለግ ዓሣ ካለ ለሌላ አሳዳጊ ይሰጣል።

ሞጣዬ

ገባኝ መምህር። አላሰብኩትም ነበር፣ አመሰግናለሁ።

ቱቦ ሠሪ (ቡሬ)

ስለ ውሃው ፍሰት ማንም በደንብ አልነገራትም። ስፖንጅ ፊልተር ብቻውን ወንዝ አይሆንም። ለ100 ሊትር ገንዳ በሰዓት 1,000 ሊትር ወይም ከዚያ በላይ የሚያሽከረክር ውሃ ውስጥ የሚገባ ፓምፕ ያስፈልግሻል፤ ማለት ውሃው በሰዓት ቢያንስ አሥር ጊዜ መዞር አለበት። በአንድ ጫፍ አድርጊውና ርዝመቱን ይዞ እንዲነፋ፣ ድንጋዮቹን እየላሰ እንዲያልፍ።

እኔ ያደረግኩትን ልንገርሽ። ከቧንቧ ዕቃ ሱቅ ቀጭን የፒቪሲ ቱቦና ክርን ገዛሁ። ቱቦው ገንዳው ወለል ላይ ከጫፍ ጫፍ ተኝቷል፣ ላዩን በጠጠር ሸፍኜዋለሁ። በአንዱ ጫፍ ቱቦው ቆም ብሎ ፓምፑ ላዩ ላይ ተሰክቷል፤ በሌላው ጫፍ ስፖንጅ አለ። ፓምፑ በስፖንጁ በኩል ይስባል፣ በራሱ በኩል ይነፋል። ስለዚህ ውሃው ላይ ላዩን ወደ አንድ አቅጣጫ ሄዶ በቱቦው ውስጥ ይመለሳል። ልክ እንደ ወንዝ አንድ አቅጣጫ አለው፣ አይደናበርም። ስፖንጁ ጫፉ ላይ ስላለ ትንንሽ ዓሣ አይሳብም። ማጣበቂያ አልተጠቀምኩም፣ ጥብቅ አድርጌ ነው የሰካሁት፣ ለማጽዳት ፈታ ይላል። ጉፒዎቹን ግን ወደ ሌላ ገንዳ አውጪ፤ ያ ረጅም ጅራታቸው ጎርፍ አይችልም። ወይም አንድ ጥግ ትልቅ ድንጋይ ከልዪና ጸጥ ያለ ቦታ አብጂላቸው።

መብራት ሲጠፋስ? ዋናው ጣጣ እሱ ነው። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ አየር ፓምፕ አለ፣ አንድ ይኑርሽ። ከሌለሽ በጣሳ እየቀዳሽ ከፍ አድርገሽ መልሰሽ አፍስሺ፣ በየሩብ ሰዓቱ አሥር አሥር ጊዜ። አድካሚ ነው ግን ያድናል፤ እኔ አንድ ሌሊት ከባለቤቴ ጋር እየተቀያየርን አንግተንበታል። መብራት በሌለበት ሰዓት ምግብ አትስጪ።

ክዳንም አድርጊ። ፍሰቱ ሲበረታ መስታወቱን ይዛ ወደ ላይ ትወጣለች። አንዷን ከቴሌቪዥኑ ኋላ ደርቃ ነው ያገኘኋት።

የጣና ዳር (ባሕር ዳር)

ቱቦ ሠሪ ያለው ሁሉ ልክ ነው። አንድ ልጨምር፣ መድኃኒት። ከስታለች ብለሽ የፀረ ትል ወይም መዳብ ያለበት መድኃኒት ዝም ብለሽ እንዳትጨምሪ። ሎቾች ለመድኃኒት ስስ ናቸው። ጨውም አታድርጊ። መጀመሪያ ውሃና ምግብ ይስተካከል፣ በሁለት ሳምንት ካልተሻላት ያን ጊዜ እንነጋገራለን።

ስትድን ደግሞ ብቻዋን አትተያት። ከመሰሎቿ ጋር ነው ጠባይዋ የሚታየው። ሁለቱ በአንድ ድንጋይ ሲጣሉ አንዷ በሌላዋ ላይ ትወጣና በክንፏ ልትሸፍናት ትሞክራለች፣ እየተሽከረከሩ ይጋፋሉ። አይጎዳዱም።

ውሃ ወዳጅ (ደብረ ማርቆስ)

ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ ሳልመለስ ስለቆየሁ ይቅርታ።

ሂተሩ 21 ላይ ነው፣ አብዛኛው ቀን ራሱ አይበራም። ፓምፑን የአክስቴ ልጅ ላከልኝ። ቱቦውን ከሰፈራችን ቧንቧ ሠራተኛ ጋር ሠራነው፤ ለዓሣ ነው ስለው መጀመሪያ ደነገጠ፣ ከዚያ እሱ ራሱ ክርኑን ሦስት ጊዜ እያወለቀ አስተካከለልኝ። ጉፒዎቹ እህቴ ቤት ሄደዋል። ድንጋዮቹን ከጨሞጋ ከላይ በኩል አመጣሁ፣ ኮምጣጤ አድርጌ አየሁ፣ አልፈላም። ሁለት ሳፋ በረንዳ ላይ አለ። እናቴ "ድንጋይ ታጠጫለሽ?" እያለች ትጠይቀኛለች።

የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም ለውጥ አልነበራትም፣ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ስፒሩሊናውን ቀብቼ ያስገባሁ ሌሊት ግን ጠዋት ሳየው ድንጋዩ መሐል ለመሐል ተልጧል። አረንጓዴው ላይ የጥፍሬን ስፋት የምታህል፣ ጠመዝማዛ፣ ንጹሕ መንገድ ተሠርታለች። ቁጭ ብዬ በጣቴ ተከተልኩት፣ ድንጋዩን ዞሮ ከሥር ገብቶ እንደገና በሌላ በኩል ይወጣል።

አሁን ሆዷ ሞልቷል። ትንፋሿ ረግቷል። ጥጉን ትታ ፓምፑ ፊት ለፊት ካለው ድንጋይ ላይ፣ ውሃው በጣም ከሚበረታበት ቦታ ነው የምትውለው። ጥያቄ አለኝ፦ ሁለት ጓደኛ ላመጣላት ነው፤ አዲሶቹን ቀጥታ ልጨምር ወይስ ለብቻ ላቆያቸው?

የጣና ዳር (ባሕር ዳር)

እልልልል! ለብቻ አቆዪአቸው፣ ቢያንስ ሦስት ሳምንት። ከሱቅ የሚመጡት ብዙ ጊዜ የከሱና ትል ያለባቸው ናቸው። ለነሱም ከአሁኑ ሦስተኛ ሳፋ በረንዳ ላይ አውጪ፣ ሲመጡ ድንጋዩ ደርሶ ይጠብቃቸው።